መዝገቡ ለማን ይመሰክራል?

ለመሆኑ አንድ ሰው በአንደበቱ ሳይዋሽ፣ በእጁም በሐሰት ወረቀት ላይ ሳይፈርም፣ ሌሎች ውሸታቸውን የሚያስቀምጡበትን ሣጥን ብቻ ቢሠራ በአላህ ፊት ይጠየቃልን? ጥያቄው የእኔ አይደለም። ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ ጫማውን እያሰረ አንድ ወጣት ያቀረበልኝ ነው። መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወጣቱ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ነው። ለመድኃኒት ቤቶችና ለሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሠራ ይተዳደራል። ባለፈው ዓመት አንድ ሐጂ አስጠሩት። ሐጂ በሦስት ግቢ ውስጥ ሠላሳ አንድ ክፍል ያከራያሉ። የማንን ኪራይ መቼ እንደተቀበሉ፣ ማን የመብራት እንዳልከፈለ፣ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ጠርዙ የተበላ አንድ ሰማያዊ ደብተርና የእሳቸው ጭንቅላት ብቻ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም አላስተማምን አሏቸው። እናም «ልጄ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ የሚይዝ፣ ነገ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ከፍቼ የማሳየው ነገር ሥራልኝ» አሉት።

ሠራላቸው። ፕሮግራሙን አሳይቶኛል። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው፤ የተከራዩ ስም፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ፣ ውሉ የተፈረመበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የተከፈለው ቅድሚያ፣ የባንክ ደረሰኙ ቁጥር በየቦታው ይገባል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሠላሳ ቀን ሊሞላው ሲል ሳይመዘገብ ከቆየ በቀይ ይጽፋል። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ቢያስገቡበት አልቀበልም ይላል። ያለጊዜው ኪራይ ልጨምር ቢሉት ይከለክላል። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ሐጂም ወደውት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ «የኪራዩን ቦታ ሁለት አድርግልኝ። አንዱ በውሉ ላይ ያለው፣ ሌላው የምቀበለው። ሁለተኛውን እኔ ብቻ ልየው።»

በውሉ 1,500፣ በእጅ 4,000 ብር ማለት ነው። ወጣቱን ያስጨነቀው ይህ ሁለተኛ ዓምድ ነው። «ዑለማእ አልጠየቅህም ወይ?» ብለው፣ «ጠይቄ ነበር፤ ዓምድ ምን እንደሆነ ሳስረዳ መግሪብ ደረሰብን» ብሎ ሳቀ። እኔ ፈትዋ የመስጠት ብቃት የለኝም፤ ይህም ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ የአንድ ወጣትና የአንድ ሐጂ ብቻ ስላልሆነ፣ በየከተማችን ያለን ሙስሊሞች ግማሻችን አከራይ ግማሻችን ተከራይ ስለሆንን፣ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል እላለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይን መጠን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ትቶት ነበር። በ2016 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ይህንን አሠራር ለወጠው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ይሁን አለ። አዲስ አበባ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በየወረዳው ምዝገባ ጀመረች። እንግዲህ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ገበያ ያገኘው ከዚህ ወዲህ ነው። ቀድሞ ደብተር የበቃው አከራይ አሁን ቀን የሚቆጥርለት፣ ደረሰኝ የሚያስቀምጥለት ነገር ፈለገ።

አዋጁ ለምን እንዳስፈለገ ለሐዋሳ ሰው ማስረዳት አያሻም። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ተማሪ ያመጣል፤ በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹን ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን፣ ወደ ከተማዋ ሳበ። ደመወዛቸው ትንሽ ነው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም የአጎአን የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታነሳ ከነዚህ እህቶች ሥራቸውን ያጡ አሉ። ሥራ ያጣች ልጅ «በዚህ ሳምንት ክፍሉን ልቀቂ» ስትባል የምትይዘው ምንድን ነው? ወረቀት ካላት ወረቀቱን ነው። ወረቀት ከሌላት ሻንጣዋን ነው። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሻንጣ ደጃፍ ላይ ወጥቶ፣ አከራይዋ «መቼ ከፈለች?» ስትል፣ ልጅቷ «ባለፈው ሳምንት በእጅሽ» ስትል፣ ጎረቤት ከመሐል ቆሞ ማንን እንደሚያምን ሲቸገር። ስለዚህ መዝገብ ጥሩ ነገር ነው። መዝገብ የደካማ ጉልበት ነው። ጥያቄዬ መዝገብ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም፤ መዝገቡ ሲሠራ ፊቱ ወደ ማን ዞሮ ነው የተሠራው የሚል ነው።

የሐጂ ፕሮግራም ፊቱ ወደ ተቆጣጣሪው ነው። ትዕዛዛቸውን ልብ በሉት፤ «ተቆጣጣሪ ቢመጣ የማሳየው» ነው ያሉት። በዚህ ዓላማ የተሠራ መሣሪያ ጥንካሬውም ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ቀኑ ሞልቷል ወይ? ቅድሚያው ከሁለት ወር አልበለጠም ወይ? ፊርማው አለ ወይ? ይህን ሁሉ በትክክል ይጠይቃል። አንድ ነገር ግን አይጠይቅም፤ የተጻፈው እውነት ነው ወይ? እንዲያውም 1,500 የሚለው ውሸት ለፕሮግራሙ ከእውነቱ ይልቅ የሚመች ነው፤ ምክንያቱም የወረቀቱ ቁጥር ሁልጊዜ ከሕጉ ጋር ይስማማል። የስድስት ወር ቅድሚያ በእጅ የተቀበለ አከራይ በመዝገቡ ላይ የሁለት ወር ብቻ የተቀበለ ደግ ሰው ሆኖ ይታያል። ሕግ ተሟልቷል፤ ሐቅ ግን የለም።

ከዚህ ላይ ለሐጂ ፍትሐዊ ልሁን። ክፉ ሰው አይደሉም። ተከራይ ሲታመም ኪራይ ሲተዉ የሚያውቋቸው ይመሰክራሉ። የሚፈሩት ግን መዝገብን ነው፤ ፍርሃቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ባለቤቱ የሚኖርበትን መርጦ ሌላውን ከነሰነዱ አስረከበ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። በዕድሜ ዘመኑ ሁለት ክፍል የሠራች ባልቴት ከባለ ፎቁ ጋር በአንድ ሙቀጫ ተወቀጠች። ያንን ዘመን ያየ ሰው «ምን ያህል ታከራያለህ?» የሚል ቅጽ ሲቀርብለት እጁ ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም። ይህ ፍርሃት ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ዛሬ «ለመንግሥት እውነቱን አይነግሩትም» የሚል ያልተጻፈ ደንብ ሆኖ ይኖራል።

ሁለተኛው ምክንያት ግብር ነው። በዚህ ነጥብ ላይ እኛ ሙስሊሞች ዘንድ አንድ የተለመደ ክርክር አለና ሳልነካው ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። «ግዴታዬ ዘካ ነው፤ ዘካዬን እሰጣለሁ። ግብር ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማምለጥ ወንጀል አይሆንብኝም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግብሩ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ዑለማእም፣ ኢኮኖሚስቶችም ይከራከሩበት። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ እንኳ ከኪራዩ ግማሹን እንደ ወጪ ይቀንስለት እንደነበር ግን ማስታወስ ይገባል፤ ዕዳው ብዙዎች በሚያወሩት መጠን አልነበረም። ዋናው ነገር ግን ይህም አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል። አንደኛው «ይህን ገንዘብ መክፈል አለብኝ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያልሆነውን ሆኗል ብዬ ልጽፍና ሰው ላስፈርም እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው የፈለጋችሁትን መልሱ። ሁለተኛው የሐሰት ምስክርነት ነው፤ እርሱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከባድ ኃጢአቶች መሐል እንደቆጠሩትና ሲናገሩም ተደግፈው ከነበሩበት ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ በሐዲስ የተላለፈ ነው።

ደግሞስ ውሸቱ የሚያርፈው መንግሥት ላይ ብቻ ነውን? አይደለም። 4,000 ብር እየከፈለች 1,500 የፈረመች ተከራይ ነገ ብትባረር ልትጠይቅ የምትችለው የ1,500ውን ብቻ ነው። የከፈለችው የስድስት ወር ቅድሚያ የለም፤ አልተጻፈማ። ጭማሪው ከልክ አለፈ ብላ ብትከስስ ሐጂ ውሉን አውጥተው «ልጄ፣ እኔ እኮ የምቀበለው 1,500 ነው» ማለት ይችላሉ። የተገላቢጦሹም አለ፤ ብልጥ ተከራይ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ «ውሉ 1,500 ይላል፤ ከዚያ አልበልጥም» ቢል ሐጂ የት ይሄዳሉ? ሁለተኛውን ዓምድ ለዳኛ ያሳያሉን? ሁለቱም በአንድ ውሸት ገመድ ተሳስረዋል፤ ቀድሞ የጎተተ ሌላውን ይጥላል።

«ተከራይዋ ወድዳ ፈርማለች» ይባላል። አሁን እንቅልፍ ያጣሁበትን ምክንያት ልናገር። እኔም ተከራይ ነኝ። የቤቴ ውል ላይ የተጻፈው ቁጥር በየወሩ ከምከፍለው ያንሳል። አከራዬ ወረቀቱን ሲያቀርብልኝ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ፈረምኩ፤ ቤቱ ጥሩ ነበር፣ ልጆቼ ለትምህርት ቤት ይቀርቡ ነበር፣ ከኋላዬም ሦስት ተከራይ ቆሞ ነበር። ራሴን እንደ ተበዳይ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ወጣቱ ስለ ሣጥን ሠሪው ሲጠይቀኝ ግን፣ እኔ በጋዜጣ ስለ ሐቅ የምጽፈው ሰው በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ውሸት አንደኛው ባለቤት መሆኔ ትዝ አለኝ። «ወድጄ ፈረምኩ» ማለት አልችልም፤ «ተገድጄ ፈረምኩ» ማለትም አልችልም። በመሐል ያለ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ መሐል ላይ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ሥራው ወደ ራሱ፣ ወደ ጽሕፈት እንምጣ። በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ሶላት ወይም ስለ ሐጅ የሚናገር አለመሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ረጅሙ የአል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ዘወትር የምናልፋቸው ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ጸሐፊው በሁለቱ መካከል በፍትሕ እንዲጽፍ ታዟል፤ ለከፈለው ሰው እንዲጽፍ አልተባለም። ሁለተኛ፣ ቃሉን የሚሰጠው፣ የሚያስጽፈው፣ ዕዳው ያለበት ወገን ነው፤ ከዕዳውም ምንም እንዳያጎድል ታዟል። ማስጻፍ ያልቻለ ደካማ ከሆነም ኃላፊው በፍትሕ ያስጽፍለታል። ሦስተኛ፣ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ሳይባል መጻፍ እንዳይሰለች፤ አራተኛ፣ ከጽሑፉ ሌላ ምስክሮች እንዲቆሙ፤ አምስተኛ፣ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ። እጅ በእጅ የሚያልቅ ንግድ ግን ባይጻፍ ወቀሳ የለም፤ ማለትም ሕይወት ሁሉ ወደ መዝገብ ይግባ አልተባለም።

ሁለተኛውን ነጥብ ወደ ኪራይ አምጡት። ኪራይ ሁለት ባለዕዳ ያለበት ውል ነው። ተከራይ የገንዘብ ባለዕዳ ነው። አከራይ ደግሞ የቤት ባለዕዳ ነው፤ ውሃው እንዲመጣ፣ ጣራው እንዳያፈስ፣ በውሉ ዘመን ሰላም እንዲኖር ዕዳ አለበት። እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ቃላቸውን ሊሰጡ ይገባል። የሐጂ ፕሮግራም ውስጥ ግን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነው። ተከራይዋ የምትጻፍ እንጂ የምትጽፍ አይደለችም። የክፍሏ ጣራ ካፈሰሰ ሦስት ወር እንደሆነው የሚገባበት ቦታ የለም፤ ኪራይ ሁለት ቀን ብታዘገይ ግን ቀይ ይበራል። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም። ገንዘቡን የሚከፍለው ሐጂ ስለሆኑ፣ የሚጠይቀው ተቆጣጣሪው ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ ከነዚህ ሁለት ወገኖች መጡ። ሦስተኛዋ አልተጠየቀችም።

አምስተኛውም ነጥብ የዋዛ አይደለም። በብሪታንያ የፖስታ ድርጅት «ሆራይዘን» የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ተክሎ ነበር። ፕሮግራሙ በየፖስታ ቤቱ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ ይጽፍ ነበር። ሠራተኞቹ «አልወሰድንም» ሲሉ መዝገቡ ታመነ፣ ሰዎቹ አልታመኑም። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 የሚበልጡ ሰዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፣ ንብረታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፓርላማው ፍርዱን በሕግ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ያደጉ ናቸው በሚባሉት አገሮች እንዲህ ከሆነ፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የእኛው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና በሰጠበት አገር፣ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ያለ፣ ሌላው ወገን ሊያየውም ሊያርመውም የማይችለው መዝገብ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ማሰብ ነው። ቁርኣኑ ጽሑፍ እያለ ምስክር ጨምሩበት ያለው ያለ ነገር አልነበረም። በአሚሮቹ ዘመን በሐረር የቃዲ መዝገቦች ላይ የቤትና የቦታ ሽያጭ በዐረብኛ ሲጻፍ የምስክሮቹ ስም አብሮ ይሰፍር ነበር። ሰው ሊጠየቅ ይችላል። ዓምድ አይጠየቅም።

ወጣቱ ሳይጠየቅ ስላሳየኝ ሌላ ነገርም ላንሳ። በፕሮግራሙ ላይ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ቦታ አስቀምጦ ነበር፤ ለቁልፍ ቁጥር፣ ለተሰበረ መስኮት ብሎ ያሰበው ነው። ለሙከራ በሠራባቸው ሦስት ወራት ውስጥ የሐጂ ጠባቂ ቦታውን ሞላው። «ማታ ሦስት ሰዓት ገባች።» «ወንድሜ ነው ያለችው ልጅ መጣ፤ አይመስልም።» «ጫት ያበዛል።» የፓርኩ ሠራተኞች የማታ ፈረቃ አላቸው፤ ማታ ሦስት ሰዓት የገባችው ከሥራ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአል-ሑጁራት ምዕራፍ መጠርጠርን፣ መሰለልን፣ ማማትን በአንድ አንቀጽ አያይዞ ከልክሏል። ጠባቂው በቡና ሰዓት ቢያማ ነፋስ ይወስደዋል፤ ይህ ግን ከስሟና ከመታወቂያ ቁጥሯ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320 ነው ብያለሁ። ተከታዩ 1321 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ነው። አንዱ ጻፉ ይላል፣ ቀጣዩ የምትጽፉትን ለዓላማው በሚበቃ መጠን ወስኑ፣ ባለቤቱም የተጻፈበትን የማወቅና የማሳረም መብት አለው ይላል። ሐጂ የመጀመሪያውን በቃላቸው ይወጡታል። ሁለተኛው መኖሩን አልሰሙም። ለመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ለሁለተኛው በር የሚያንኳኳ አላዩም።

ሐጂን ብቻ ስወቅስ ቆየሁ። የራሳችን ቤትስ? በየከተማው መስጊዶቻችን በዙሪያቸው የሚከራዩ ሱቆች አሏቸው። የወቅፍ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ አላህ ነው የምንለው። ሱቁ በስንት እንደተከራየ፣ ተከራዩ ለሌላ ሰው አሳልፎ በስንት እንዳከራየው፣ ልዩነቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የመስጊድ ጀመዓ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ መዝገቡ በአንድ የኮሚቴ አባል ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ታማኝ ከሆነ ይኖራል፣ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ወጣቱ አንድ ጊዜ ለመስጊድ ኮሚቴ በነጻ ልሥራላችሁ ብሎ ነበር። «አላህ ይቀበልህ፣ እናስብበታለን» ብለው ሸኙት። እስካሁን እያሰቡ ነው።

ለወጣቱ የመለስኩለት እንዲህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወለድ የሚበላውን ሲረግሙ ጸሐፊውንና ምስክሮቹን ጨምረው፣ በወንጀሉም እኩል መሆናቸውን ተናግረዋል። ጸሐፊው ከወለዱ አንዲት ሳንቲም አልነካም፤ ብዕሩን ብቻ ነው ያዋሰው። ስለዚህ «እኔ መሣሪያ ሠሪ ብቻ ነኝ» የሚለው መልስ የሚያወጣ አይመስለኝም። መሣሪያው ለሁለት ዓላማ ሊሆን የሚችል ቢሆን ኖሮ፣ ልክ እንደ ቢላ፣ ክርክር በነበረ። ለአንዱ ብቻ የሚታይ ሁለተኛ ዓምድ ግን ሌላ አገልግሎት የለውም። እርሱም ሲሰማኝ ቆይቶ፣ «እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው በአንድ ሌሊት ይሠራላቸዋል» አለ። እውነቱን ነው። በአንድ ሰዓትም ይሠራል። ሐሰት የሆነ ነገር ሌላ ሠሪ ስላለው ሐላል አይሆንም ልለው ፈለግሁና፣ የቤት ኪራይ ያለበት፣ እናቱን የሚጦር ልጅ ፊት ቃሉ ቀለለብኝ።

ያም ሆኖ ዓምዱን አልሠራውም። በፋንታው ሌላ ነገር ሠራ። ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ለተከራዩ ስልክ የከፈለውን ቁጥር የያዘ መልእክት ይደርሳል፤ ተከራዩ «ትክክል ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል፣ አከራዩም ሊሰርዘው አይችልም። ተከራዩ ጣራው ሲያፈስ የሚያስመዘግብበትን ቦታም ጨመረ። «ማስታወሻ» የሚለውን አጠፋው። ሐጂ ሲያሳያቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን ይህ የኔ ነው ወይስ የእነሱ?» አሉት። ምን ብሎ እንደመለሰ ስጠይቀው «ዝም አልኩ» አለኝ። ከተስማሙበት ክፍያ ግማሹን ተቀብሏል፤ ቀሪው እስከ ዛሬ አልተከፈለውም። ሐጂ ግን ፕሮግራሙን አልመለሱም፣ ሌላ ሠሪም አላስጠሩም። ሰማያዊውን ደብተርም አልጣሉም።

ባለፈው ጁሙዓ ወጣቱን እዚያው በር ላይ አገኘሁት። ጉዳዩን በጋዜጣ ልጽፈው እንደሆነ ነገርኩት። ስሙንና የሐጂን ስም እንዳልጠቅስ አስማለኝ። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ተመልሶ፣ «ያንተ ውልስ?» አለኝ። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። አከራዬን እስካሁን አላነጋገርኩትም።